ከቧንቧው ማዶ ያለው ሰውዬ

በየዓመቱ ብርድ ሊገባ ሲል «ጥገኝነት» የሚለው ቃል ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። የሬዲዮ ዜና አርታኢ ነኝ። ሚኒስትሮቹ ይለዋወጣሉ፤ ዜናው ግን ሁልጊዜ ያው ነው። ከውጭ በሚገባ ጋዝ ላይ ያለን ጥገኝነት ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል፣ አማራጭ ምንጮች ይፈለጋሉ፣ ኅብረተሰቡም በቁጠባ እንዲጠቀም ጥሪ ቀርቧል። የተደገመውን ቆርጬ፣ የተንዛዛውን አሳጥሬ አሳልፈዋለሁ። ሥራዬ ስለሆነ አልማረርም። ብቻ ቃሉን ባየሁ ቁጥር የእናቴ ካፖርት ይሸተኛል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ድካም ድካም ይለኛል።

እናቴ የበሰበሰ ሽንኩርት ትሸት ነበር። ላዋርዳት ብዬ አይደለም፤ የክፍል ጓደኞቼ በየቀኑ ይነግሩኝ ስለነበር ነው። የምትሠራው ከከተማው ዳር ባለው የጋዝ መቀበያ ጣቢያ ነበር። ከድንበር ማዶ የሚመጣው ትልቁ ቧንቧ ከመሬት ብቅ የሚለው እዚያ ነው። ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ ብንጠራራ እንኳ ጀርባውን የማላየው ቧንቧ ነው። ተጠግቶ ለሰማው ቀንም ሌትም ይፉጫል። ጋዙ እዚያ ሲደርስ ግፊቱ ይቀነስና ወደ ከተማው ይለቀቃል። ግፊቱ በሚቀንስበት ቦታ ላይ ቧንቧው ፀሐይ በሚያቃጥልበት ቀን ሳይቀር ነጭ በረዶ ያወጣል። እኔ በጥፍሬ እየፋቅሁ የቤት ሥዕል እሥልበት ነበር።

ጦርነቱ የተነሳው ጋዙን ከምትሸጥልን አገር ጋር ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል፤ እኔ ግን ያኔ ምንም አልገረመኝም፣ ልጅን የሚገርመው ነገር ሌላ ነው። እነሱ ይተኩሱብናል፣ እኛም እንተኩስባቸዋለን፣ ጋዙ ደግሞ በመሬት ሥር ዝም ብሎ ይመጣል። አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ጥግ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጬ የትልልቅ ሰዎችን ክርክር እሰማ ነበር። አንዱ «በአንድ እጃቸው እየገደሉን በሌላው ያሞቁናል፤ ይህ ውርደት ነው፣ ይዘጋ» ይላል። ሌላው አገጩ ላይ አረፋ እንደተቀባ «ይዘጋና ሚስትህ በምን ልታበስልልህ ነው?» ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ እነሱም ያለኛ ገበያ እንደሚራቡ፣ ለዚህም ብለው እንደማይዘጉት ያስረዳል። አባቴ በነገሩ ያለው አቋም አንድ ብቻ ነበር። «አገጭዎን ቀና ያድርጉ» ይላል፣ ምላጩንም ያስኬዳል።

ልጆቹ «ጠላት ጠላት ትሸቻለሽ» ይሉኝ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። የእናቴ ካፖርት እኔ ከምተኛበት አልጋ አጠገብ ይሰቀል ስለነበር ሽታው እኔም ላይ ተለጥፎ ነበር። ስንቴ ተቧጭሬ፣ ስንቴ አዝራር ተበጥሶብኝ እንደገባሁ አላስታውስም። ኋላ ጎልማሳ ሆኜ ስለ ጋዝ ዜና ሳዘጋጅ ነው አንድ ባለሙያ ስለ ሽታው ቁም ነገር የነገረኝ። ጋዝ ከምድር ሲወጣ ሽታ የለውም። ቢያፈተልክ ሰው እንዲነቃ ተብሎ ሽታው የሚጨመርበት እዚሁ እኛው ጋ፣ መቀበያው ላይ ነው። እናቴ ነበረች ከበርሜል በጠብታ በጠብታ የምትጨምርበት። የጠላት ሽታ ያሉት የኛው የራሳችን ነበር። ያኔ ባውቅ ኖሮ ብዙ አዝራር ይተርፍልኝ ነበር።

ወንድሜ ዘምቶ ነበር። ቤቱ በሙሉ «ቀውላላው» ነበር የሚለው፤ በየበሩ ጎንበስ እያለ የሚገባ፣ ሱሪው ሁልጊዜ የሚያጥረው ልጅ ነው። መጀመሪያ ላይ ወሬው ይመጣ ነበር፤ ብርዱ ሲጠና ጠፋ። የነበረበት ክፍል ተመታ ተባለ። ግማሹ አለቀ፣ ግማሹ ተማረከ ተባለ፤ እሱ ከየትኛው ግማሽ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን አልተገኘም። አባቴ ሱቁን እየዘጋ በየቢሮው ይሄዳል፣ «እየተጣራ ነው» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ከዚያ አሞኛል ብሎ ይተኛል፤ ደግሞ በማግስቱ ይነሳና ሌላ ቢሮ ይሞክራል። እናቴ አትሄድም። ሥራ አለብኝ ትላለች። ሁላችንም የምንኖረው ቀውላላው አለ ወይስ የለም በሚለው ጥያቄ ሥር ነበር፤ ግን ጥያቄውን ማንም ከአፉ አያወጣውም።

ትምህርት ቤታችን የሚሞቅበት ጋዝ ለሆስፒታሉ ተላለፈና እኛ ወደየቤታችሁ ተባልን። ቤት ብቻዬን እንዳልውል ብላ እናቴ ጣቢያው ትወስደኝ ጀመር። የምትሠራበት ክፍል ግድግዳው ሁሉ የግፊት መለኪያ ነው፤ ቀስቶቻቸው ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ስልክ አለ። አንደኛው እንደ ማንኛውም ስልክ ነው። ሁለተኛው ጥቁር፣ ከባድ፣ ቁጥር የማይመታበት ስልክ ነው። ሽቦው ከቧንቧው ጋር ድንበር ተሻግሮ ይሄድና እዚያ ማዶ ባለው ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል። ካነሱት ማዶ ይጮኻል፣ ሌላ የትም አይደውልም።

ጠዋትና ከሰዓት እናቴ ታነሳዋለች። ከማዶ አንድ ሰውዬ ይመልሳል። እሱ ምን ያህል እንደላከ ይናገራል፣ እሷ ምን ያህል እንደደረሳት ትናገራለች። አንዱ ያለውን ሌላው ጮክ ብሎ መድገም አለበት፤ ያልተደገመ ነገር እንዳልተባለ ነው የሚቆጠረው። ሕጉ ከጦርነቱ በፊት የወጣ ነው፣ ቁጥር በስህተት ተሰምቶ አደጋ እንዳይደርስ ተብሎ። ቋንቋቸው ከኛ ጋር አንድ ነው፤ ቃሉን ጎተት ከማድረጋቸው በቀር። እናቴ ለሰውዬው «እንደምን አደሩ» ትለዋለች። ለጠላት። እኔ ይህን ስሰማ ጆሮዬ ይግላል፣ ማንም እንዳልሰማት ለማየት ወደ በሩ እመለከታለሁ።

ማንም እንዳልሰማት ማየት ግን ከንቱ ነበር፤ ሰሚ ተቀጥሮላት ነበርና። ጦርነቱ ሲነሳ ከጸጥታ ቢሮ አንድ ሰው ተመድቦ ፊት ለፊቷ ይቀመጥ ጀመር። ሠራተኞቹ «ጆሮ» ይሉታል። ከማዶ የሚነገረውን እሱ አይሰማም፤ እናቴ ጮክ ብላ የምትደግመውን ነው የሚሰማው፣ እሱም ይበቃዋል ተብሎ ነበር። ጆሮ ክፉ ሰው አልነበረም። ሲሰለቸው ከወረቀት ወፍ እየሠራ ይሰጠኛል። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ ሲጋራ ሳያጨስ መዋል አይችልም። ጋዝ ጣቢያ ውስጥ ደግሞ ክብሪት መያዝ ራሱ ያስከስሳል። ስለዚህ የጣቢያውን ጠጠር ግቢ ሁሉ አቋርጦ ከውጨኛው በር አልፎ፣ መንገድ ዳር ቆሞ አጭሶ ይመለሳል። የሚሄደው ግን የስልክ ሰዓት ባልሆነ ጊዜ ነው፤ ጠንቃቃ ሰው ነበር።

አንድ ቀን ጆሮ እንደወጣ ጥቁሩ ስልክ ያለ ሰዓቱ ጮኸ። እናቴ አነሳች። ማዶ የሆነ ነገር ተበላሽቶ ኖሮ ግፊቱ ለጥቂት ጊዜ እንደሚወርድ ሊያስጠነቅቃት ነው፤ እሷም ደገመች። ከዚያ ስልኩን ማስቀመጥ ሲገባት አላስቀመጠችም። በመስኮቱ የጆሮን ጀርባ አየች። ጎንበስ ብላ የስልኩን አፍ በመዳፏ ከለለችና ለኔም፣ ለአባቴም፣ ለማንም ተናግራበት በማታውቀው ድምፅ ማውራት ጀመረች። እኔ ወለሉ ላይ ነበርኩ፤ የማሽኑ ጉርምርምታ ብዙውን ይበላብኛል። የደረሰኝ ይህ ነው።

«ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?… እለምንዎታለሁ… ለባለቤቴም አልነገርኩ… እጠብቃለሁ። በየቀኑ እዚሁ ነኝ፣ እጠብቃለሁ።»

ስልኩን ስታስቀምጥ ፊቷ ቀልቶ ነበር። አየችኝ፣ ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ አልሆነላትም። ጆሮ ሲመለስ ስለ ግፊቱ ነገረችው፣ ጻፈ፣ አለቀ።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን የነበረች ልብስ ሰፊ ባሏን ጥላ ከአንድ የከባድ መኪና ሾፌር ጋር ጠፍታ ነበር። ሴቶቹ በየደጁ ቆመው «በስልክ ነው አሉ የጀመራቸው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ ለኔ ግልጽ ሆነ፤ መምህር አላስፈለገኝም። እናቴ ከቧንቧው ማዶ ያለውን ሰውዬ ወዳለች። ጋዙ እስከመጣ ድረስ ታወራዋለች፣ አንድ ቀን ደግሞ የሽንኩርት ካፖርቷን ለብሳ ቧንቧውን ተከትላ ትሄዳለች። ቀውላላው ሄዷል፤ እሷም ከሄደች ቤት ውስጥ የምንቀረው እኔና አባቴ ነን። አባቴ ደግሞ ሻይ እንኳ ማፍላት አይሆንለትም።

ያልሰማሁትን አሁን አውቀዋለሁ። የወንድሜን ስም፣ የክፍሉን ቁጥር፣ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ ነው ስትነግረው የነበረው። ከምርኮኞቹ ውስጥ አለ ወይ ብላ ነው የለመነችው። ለአባቴ ያልነገረችውም ስለማታምነው አልነበረም። አባቴ ደግ ሰው ነው፤ የሆዱን ግን ለደንበኛው ካልነገረ ፀጉር መቁረጥ አይችልም። በጦርነት ጊዜ ከጠላት ሠራተኛ ጋር ስለ ወታደር ማውራት ምን እንደሚያመጣ እሷ ታውቃለች። ለሷ ብቻም አይደለም፣ ማዶ ላለውም።

አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ሰውዬው ቆንጆ ነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«የማዶው።»

ቆም አለች። «አይቼው አላውቅም» አለች። ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ «ድምፁ ግን እንደኛው የደከመው ሰው ነው» ብላ ጨመረች። ይህ ጥርጣሬዬን አበረታው እንጂ አላስለቀቀኝም። ሰው የማይወደውን ሰው ድምፅ ምን ብሎ ያጠናል?

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ዓይኔን ከስልኩ አልነቀልኩም። ቁጥሩ ተነግሮ፣ ተደግሞ ካለቀ በኋላ እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ ለማንሳት ትዘገያለች። ሽቦውን በጣቷ ትጠመጥማለች። ሰውዬው በመጨረሻ አንዲት ነገር ይላታል፤ እሷ አትደግማትም። ጆሮ ያልተደገመውን መስማት አይችልም። ኋላ እንደነገረችኝ፣ የሚላት ቃል «ገና» የምትል ነበረች። በየቀኑ «ገና»። እሷ ያንን ይዛ ታድራለች፣ ጠዋት ደግሞ ከሁላችንም ቀድማ ተነስታ ካፖርቷን ትለብሳለች። እኔ ለፍቅር ነው የምትቸኩለው ብዬ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ አለቅሳለሁ።

ከዚያ ሬዲዮው አወጀ። ከጠላት የሚመጣው ጋዝ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ይዘጋል፣ ሕዝቡ በጠላት እሳት ከሚሞቅ በክብር ብርዱን ይችላል ተባለ። ዛሬ ያን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው ምን ዓይነት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ክፍሉ ምን ያህል ሞቆለት እንደነበር አስባለሁ። ያኔ ግን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አባቴ ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡ፣ ይዘጋ ሲል የነበረውም፣ በምን ልታበስል ነው ሲል የነበረውም። አባቴ አብሮ አጨበጨበ፤ ምላጩ በእጁ ስለነበር በቀስታ።

እናቴ ድንች ስትልጥ ነበር አባቴ ወሬውን ይዞላት የገባው። ቢላዋው ቆመ። ትንሽ ቢቆዩ ምን አለበት፣ ብርዱ እስኪያልፍ እንኳ ቢታገሱ አለች። አባቴ እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

«ልጃችንን የት እንዳደረሱት አናውቅም» አላት። «አንቺ ግን ጋዛቸው እንዲቆይልሽ ትፈልጊያለሽ?»

እናቴ ድንቹን አንስታ መላጥ ቀጠለች፤ የተላጠውን ደግማ ትልጥ ነበር፣ እስኪያልቅ ድረስ። እኔ ከአባቴ ጎን ቆሜ ነበር። በልቤ እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ለአባዬ ግን አልነግረውም፣ ያሳዝነዋል እያልኩ።

የሚዘጋበት ቀን ጣቢያው ታጥቦ፣ ጠጠሩ ተጠርጎ ዋለ። የሚኒስትሩ ተወካይ መጡ፣ ካሜራ መጣ፣ እኔም የሠራተኛ ልጅ ስለሆንኩ ንጹሕ ቀሚስ ለብሼ አበባ እንድሰጥ ተደረገ። የዋናው መዝጊያ እጀታ የመኪና መሪ የሚመስል፣ ከኔ ቁመት የሚሰፋ ነበር። ተወካዩ ኮታቸውን አውልቀው ያዙትና በሙሉ ኃይላቸው ወደ መክፈቻው አዞሩት። የጣቢያው ኃላፊ በትሕትና ወደ ሌላው በኩል መለሳቸው። ጥቂት እንዳዞሩ ላብ አጠመቃቸው፤ እጀታው ብዙ ዙር የሚፈልግ ነው። ካሜራው ፎቶውን ካነሳ በኋላ ሁለት ሠራተኞች ተተኩላቸው።

እንዲህ ያለው ቧንቧ ከአንድ ወገን ብቻ አይዘጋም። ሁለቱም ጣቢያ እኩል እየተነጋገሩ ቀስ በቀስ ነው የሚዘጉት፣ ካልሆነ ግፊቱ አንዱን ይጎዳዋል። ስለዚህ ሁለቱ ጠላቶች ለመጣላት እንኳ መስማማት ነበረባቸው። እናቴ ክፍሏ ውስጥ ጥቁሩን ስልክ ይዛ ተቀምጣለች፣ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ጆሮ ፊት ለፊቷ ነው። ሲጋራው ናፍቆት እግሩን ያወዛውዛል። እኔ አበባዬን ይዤ መስኮቱ ሥር ቆሜያለሁ።

«ሩብ ተዘግቷል» አለች እናቴ። ማዶው ደገመ። «ግማሽ ተዘግቷል።» ማዶው ደገመ። የቧንቧው ፉጨት እየቀጠነ ሄደ። በሕይወቴ ሙሉ ሲያፏጭ የሰማሁት ነገር ሲቀንስ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ የገባ መሰለኝ። «ሊያልቅ ነው» አለች እናቴ፤ ከዚያ ዝም አለች። ማዶ ያለው ሰውዬ የሆነ ነገር እያለ ነበር።

«አልተሰማኝም፣ ይድገሙልኝ» አለች።

ጆሮ ቀና ብሎ ምን እንደሚል ጠየቃት። መስመሩ ይንኮሻኮሻል አለችው። ዓይኖቿን ጨፍና አዳመጠች። ውጭ ሠራተኞቹ እጀታውን ይዘው ትእዛዟን ይጠብቃሉ፣ ኃላፊው ሰዓቱን ያያል፣ ተወካዩ አንገታቸውን በመሐረብ ያብሳሉ።

«አሁንም አልተሰማኝም» አለች እናቴ። «እባክዎ፣ ይድገሙልኝ።»

አዳመጠች። በዚህ ጊዜ ረዘም ያለ ነበር። ከዚያ ዓይኖቿን ገልጣ «ተሰምቷል» አለች። በመስኮቱ በኩል ለሠራተኞቹ እጇን አነሳችላቸው፣ እጀታው ለመጨረሻ ጊዜ ዞረ። «ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል» ብላ ስልኩን በቀስታ አስቀመጠች። ጆሮ ምን ሲላት እንደነበር ሲጠይቃት «ደህና ሁኑ ነው ያለው» አለችው። ጆሮ ስቆ እሱኑ ጻፈ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አበባዬን ሰጠሁ።

እናቴ ወጥታ በረዶ የሚሠራው ቧንቧ አጠገብ ቆመች። በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ነበር፤ ጠብ ጠብ እያለ ጠጠሩ ላይ ይወርዳል። ሄጄ እጇን ያዝኩ። የማትሄድብን መሆኗ ተረጋግጦልኝ ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩላት።

«አበቃ አይደል?» አልኳት።

«አበቃ» አለች።

ያ ክረምት እንዴት እንዳለፈ አልናገርም። ብርድ የሚወራ ነገር የለውም፣ ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ነው፤ ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ፣ በላያችን ላይ ያለውን ልብስ ሁሉ ደርበን። ጦርነቱ ሲቆም ምርኮኞች መለዋወጥ ተጀመረ። አውቶብሶቹ በገቡ ቁጥር አባቴ ምላጩንና ሳሙናውን ቋጥሮ ይሮጣል። የሚወርዱት ልጆች ጢማቸው ደረታቸው ላይ ደርሷል፤ አደባባዩ ላይ ወንበር ዘርግቶ በነፃ ይላጫቸው ነበር። አንገታቸው በእጁ እያለ አንድ በአንድ ይጠይቃቸዋል። ረጅም ልጅ፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ በየበሩ ጎንበስ የሚል አላያችሁም? አንዱ አይቼ ሳይሆን አይቀርም ይለዋል፤ ላለማሳዘን ነው። አባቴ ያንን ይዞ እየሳቀ ይገባል፣ ለወር ይበቃዋል።

እናቴ አንድም ቀን አደባባዩ ድረስ አልመጣችም። አባቴ «ሲመጣ» ብሎ ወሬ ሲጀምር ተነስታ ሳህን ታጥባለች። የታጠበ ሳህን ሳይቀር። አባቴ ላደገ ልጁ ገምቶ ረዘም ያለ ሱሪ ሲያሰፋለት አይታ ምንም አላለችም። ይህን አልተውኩላትም። ጎረምሳ ሆኜ፣ ኋላም ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ልቧ ማዶ የቀረ፣ ለልጇ እንኳ ተስፋ የማታደርግ ድንጋይ እያልኩ ቂም ያዝኩባት።

ጋዙ ተመልሶ መጣ። ከወዳጅ አገር ነው ተባለ፣ በአዲስ ቧንቧ፣ ከሌላ አቅጣጫ፣ ምርቃቱ በሬዲዮ ተላለፈ። እናቴ የመለኪያዎቹን ቀስቶች አይታ ወደ ቤት ስትመጣ «ያው ነው» አለች። አባቴ ያው ማለት ምን ማለት ነው አላት። «ያው የድሮው ጋዝ ነው፣ በሌላ አገር ዞሮ ነው የመጣው። አነዳዱ አንድ ነው።» ለዚያ ሰውዬዋ ልታዳላ ነው ብዬ ከክፍሉ ወጣሁ። ልክ እንደነበረች ከብዙ ዓመት በኋላ ተጽፏል፤ ዜናውን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ማንም ስልክ ደውሎ አልተቆጣም።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ባለፈው ብርድ፣ ዋጋ ጨምሮ ሰዉ ሁሉ ሲያማርር፣ እናቴን ከኔ ጋር እንድትኖር ልለምናት ሄድኩ። ያ አሮጌ ቤት መስኮቱ አይገጥምም፤ እሷ በካፖርት ነው የምትቀመጠው። የኔ ቤት ጠባብ ቢሆንም ሙቅ ነው አልኳት። አልሄድም አለች። ጠብ ጀመርን። ደክሞኝ ነበር፣ አፌም አመለጠኝ። ያን ሰውዬ ነው ወይ እስካሁን የምትጠብቂው አልኳት።

«የቱን ሰውዬ?» አለችኝ። ያኔ ወለሉ ላይ ሆኜ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና ማልቀሱ ብቻ ቀረ። ማን እንደነበረ፣ ምን እንደለመነችው ነገረችኝ። በመጨረሻው ቀን መስመሩ ይንኮሻኮሽ እንደነበር ጠየቅኋት።

«ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር» አለች። «መጀመሪያ ‹ልጅዎ አርፏል› አለኝ። ይድገሙልኝ አልኩት። ሁለተኛ ‹ሆስፒታል ነው፣ ሜዳ ላይ አይደለም› አለኝ። አሁንም አስደገምኩት። ሦስተኛ ‹ብቻውን አልነበረም፣ እጁን የያዘው ሰው ነበር› አለኝ፤ እሱም ሲያለቅስ ይሰማኛል። እውነቱን ይሁን ሊያጽናናኝ አላውቅም። ደግሜ ብጠይቀው ሌላ ነገር ፈልጎ ይጨምርልኝ ነበር፣ እንደዚያ ያለ ሰው ነው። ግን ሰዎቹ እጀታውን ይዘው ቆመዋል።»

ለአባዬ ለምን አልነገርሽውም አልኳት። መጀመሪያ ወሬው ወጥቶ ሰውዬውን እንዳያስገድለው ፈርታ ነው። ከማን ሰማሽ ቢባል ምን ትላለች? ቆይቶ ደግሞ ጦርነቱ ሲያልቅ፣ አባቴ ምላጩን ይዞ ወደ አውቶብሶቹ ሲሮጥ አየችው። ከአልጋ የሚያስነሳው ያ ተስፋ ብቻ ነበር አለችኝ። ነገ እነግረዋለሁ እያለች ዓመታቱ ሄዱ፣ የተሰፋው ሱሪም ፋሽኑ አለፈ።

«ታዲያ አሁን ምን ያስቀምጥሻል እዚህ?» አልኳት። «ማንም እንደማይመጣ ካወቅሽ?»

መስኮቱ የማይገጥምበትን ቦታ በካፖርቷ ጠርዝ ጠቀጠቀችው።

«አባትሽ ሊሞት ሲል እጄን ያዘኝ» አለች። «‹ይህን ቤት እንዳትለቂው፤ ልጁ የሚያውቀው ይህን ቤት ነው፣ ሲመጣ የት ብሎ ያገኝሻል?› አለኝ። እሺ አልኩት።»